የካርቱኑ ዘበኛ እና አባቴ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ። ወሬ ማሳጠር አይሆንልኝም፤ ድሮም አፈኛ ነበርኩ። ለዚህ የዳረገኝም ይኸው አፌ ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ሰበታ ውስጥ ጀማል የሚባል ሰው ዲቪዲ ቤት ነበረው፤ እኔ እሱ ጋ እሠራለሁ። ሥራዬ ፊልም ማከራየት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሱቁ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ማይክራፎን ይዤ እቀመጥና የውጭውን ፊልም በአማርኛ እተርክበታለሁ። ሴቱም ወንዱም፣ ሌባውም ፖሊሱም እኔው ነኝ። እንግሊዝኛዬ እንኳ ያን ያህል አልነበረም፤ ያልገባኝን ከራሴ እሞላዋለሁ። ሰው ደግሞ የሚወደው የሞላሁትን ነው። የፈረንጁን ከተማ ዓለምገና እለዋለሁ፣ መኪና የሚያሳድደውን ሰውዬ ተፍኪ ላይ ያዙት እላለሁ፣ ተመልካቹ በሳቅ ይፈርሳል። ሰበታ ውስጥ ስሄድ ልጆች እየተከተሉ “ደሬ፣ እስቲ እንደ ሴትዮዋ አውራ” ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሻችሁ።

አንድ ቀን ጀማል ከዱባይ በመጣ ሰው በኩል ባለ አራት ዲስክ ካርቱን አገኘ። አስቂኝ ተከታታይ ነው፤ የአንድ ትልቅ ፎቅ ዘበኛ የሆነ፣ አፍንጫው ቃሪያ የሚያህል ሽማግሌና የፎቁ ነዋሪዎች ታሪክ። ሽፋኑ ላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ክልክል ነው ተብሎ ተጽፏል።

“ካርቱን ለልጅ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?” አለ ጀማል እየሳቀ። እውነቱን ነው፤ እኛ ጋ ካርቱን የሚባል ሁሉ የልጆች መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ከፍተን ስናየው ግን ጀማል አስር ደቂቃም ሳይቆይ፣ “አስተግፊሩላህ!” ብሎ ብድግ አለ። ስድቡ፣ ርግማኑ፣ መኝታ ቤቱ፣ ሁሉም እዚያ አለ። እኔ እየሳቅኩ ነበር።

“ደሬ፣ ነውሩን በሙሉ ቆርጠህ አውጣው። ባዶ የሚቀረውን በአገራችን ቀልድ ሙላው። ሥዕሉ ግን ያምራል፣ ይሸጣል” አለኝ።

ቆረጥኩት። ነውሩ ሲወጣ ከካርቱኑ ግማሹ ወጣ። የቀረው ሽማግሌው ዘበኛ ነው፤ እሱም አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይጠጣል፣ ቁልፍ ይጠፋበታል። እኔ ደግሞ የዚያን ሁሉ ጊዜ አፍ የምሞላበት ነገር ያስፈልገኛል። ሁለት ቀን ተቀምጬ ምንም አልመጣልኝም። በሦስተኛው ቀን አባቴን አመጣሁት።

አባቴ ኦቦ ቶሌራ የአንድ ፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ይንተባተባል። አንዱን ቃል ለማውጣት አንገቱ ይወጠራል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጊዜ ለማግኘት ደግሞ ሁልጊዜ “ቆ-ቆ-ቆይ ኢልመ ኮ” ይላል፤ ቆይ ልጄ ማለቱ ነው። በወጣትነቱ አረቄ ሲቀምስ ምላሱ እንደሚፈታለት ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ሲጠጣ እንደ ማንም ሰው ያወራል፣ ሳይጠጣ ዝም ይላል። እንዲህ እያለ ሰካራም ሆነ። እናታችን አያንቱ ስትሞት ጭራሽ ባሰበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አንድ ቀን፣ ማንም ሳይለምነው፣ ተወው። ምላሱ ተመልሶ ተሳሰረ። እንደዚያም ሆኖ ከሥራ ሲመለስ የእናታችን ፎቶ ፊት ይቆምና “አ-አ-አያንቱ፣ ማ-ማ-ማሪኝ” ይላታል። እኔ ተኝቼ የማልሰማ ይመስለው ነበር።

ይህንን ሁሉ ካርቱኑ ውስጥ ከተትኩት። አፈር ልብላ፣ አያንቱንም ጭምር። ዘበኛውን ጋሽ ቆይ አልኩት። ሰክሮ ቁልፍ ሲጠፋበት “ቆ-ቆ-ቆይ፣ ቁ-ቁልፌ!” ይላል። ሚስቱ ከቤት ስታስወጣው በሩ ላይ ቆሞ “አ-አያንቱ፣ ማ-ማሪኝ” ይላል። ጀማል ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽፋኑ ላይ “ለመላው ቤተሰብ” ብሎ ጻፈበት።

“ጀማል፣ ሰበታ ላይ አትሽጠው” አልኩት።

“ለምን?”

“እንዲሁ። ቡራዩና ሱሉልታ፣ ጫንጮም ጭምር እኔ ራሴ አደርሳለሁ።”

እንግዲህ አላወቅኩም ነበር እንዳልል ይቺ ቃል ትመሰክርብኛለች። አውቄያለሁ። ጋሽ ቆይ በሦስት ወር ውስጥ ቡራዩን ወረሰ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልስ ሲጠየቅ “ቆ-ቆ-ቆይ” ይላል፣ ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ ጥግ ተቀምጬ ደረቴ በኩራት ይነፋል።

ያን ሰሞን ነው ታላቅ ወንድሜ ግርማ ሊያገባ መሆኑን የነገረን። ልጅቷ ሰላም ትባላለች።

“ቤቷ የት ነው?” አልኩት።

“ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ መውጫው ጋ።”

ቡራዩ ሲለኝ ደነገጥኩ። ሽማግሌ ተመረጠ፤ ጎረቤታችን ሐጂ ከድር፣ የአባቴ የፋብሪካ ባልደረባ ኦቦ ለሚ፣ ሦስተኛው አባቴ። ቃሉን የሚናገረው ማን ይሁን ሲባል ሐጂ ከድር አባቴን እያዩ፣ “ቶሌራ ይናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመጠጥ ርቆ ራሱን ያሸነፈ ሰው ነው፤ ልጁን የሚድር አፍ የሱ ይሁን” አሉ። ግርማም “ከአባዬ ሌላ ማንም እንዲናገርልኝ አልፈልግም” አለ።

አባቴ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ተነስቶ ወጣ። በዕድሜው ሙሉ ሰዎች ፊት ቆመህ ተናገር ያለው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ እንደገባ ሳይተኛ ጓሮ ይወጣና ጎመኑ መሃል ቆሞ ይለማመዳል። “ል-ልጃችሁን ለ-ለልጃችን እንድትሰጡን፣ ል-ልጃችንን ልጅ እንድታደርጉልን…” እኔ ውስጥ ተኝቼ ትራሱን ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ።

ሐሙስ ዕለት አላስችል አለኝ።

“አባዬ፣ ኦቦ ለሚ ቢናገሩስ? አንተ ብትመርቅ ይበቃል እኮ።”

ወደኔ ዞረ።

“መ-መንተባተቤ አ-አሳፈረህ?”

“ኧረ በጭራሽ!”

“ቆ-ቆ-ቆይ። ት-ትሰማኛለህ። አ-አላሳፍራችሁም።”

ይኸኔ ነበር እግሩ ላይ ወድቄ መናገር የነበረብኝ። አፌ የት ገባ? ለቀልድ ጊዜ የማይዘጋው አፌ ያን ቀን ተቆለፈ። እዚያ ቤት ካርቱኑ ላይኖር ይችላል፣ ቡራዩ ሰፊ ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

እሑድ ጠዋት ደግሞ ይባስ ብዬ የማልናገረውን ኃጢአት ሠራሁ። ለእናንተ ግን እናገራለሁ። ሩብ ሊትር አረቄ በውኃ ፕላስቲክ ገዝቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። አባቴ ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ ጓሮ ቆሞ ሳለ ጠጋ አልኩት።

“አባዬ፣ አንድ ጉንጭ ብቻ። ምላስህን ያፍታታልሃል። ዛሬ ብቻ፣ ለግርማ ብለህ።”

እኔ ያሰብኩት ለግርማ አልነበረም። ከጠጣ አይንተባተብም፣ ካልተንተባተበ ማንም ጋሽ ቆይን አያስታውስም፣ እኔም እተርፋለሁ። የራሴን ቆዳ ለማዳን የገዛ አባቴን ሁለት ዓመት ልሸጠው ነበር።

አባቴ ፕላስቲኩን አየው፣ እኔንም አየኝ። አልተቆጣም። እጄን በቀስታ ወደ ኪሴ መለሰው።

“ዛ-ዛሬማ በ-በራሴ አፍ ነው” አለኝ።

የጀማልን ዲኤክስ መኪና ተውሼ የምነዳው እኔ ነኝ፤ የቡራዩን ሰፈር ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም ተብሎ። በአየር ጤና አድርገን፣ አስኮን አልፈን ሄድን። ኦቦ ለሚና ሐጂ ከድር ኋላ ተቀምጠው ይቀልዳሉ። አባቴ ጎኔ ነው፤ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል።

የሰላም አባት አቶ መኮንን በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። የመሥሪያ ቤት ሰው ናቸው፣ ረጋ ያሉ፣ ፂማቸውን በደንብ የተላጩ።

“ግቡ፣ ግቡ። አረፍ በሉ።”

እንደ ወጉ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። ሦስቱ ተደርድረው ቆሙ። እኔ እንደ ሾፌር በሩ ጥግ ቆምኩ። ከውስጥ ክፍል የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ምን እንደሆነ አይለይም። ጆሮዬን ወደዚያ ቀስሬ እግዚአብሔርን እለምነዋለሁ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጥተው ከባላቸው ጎን ቆሙ።

“እንግዲህ ቆማችሁ አትቀሩ፣ የመጣችሁበትን ተናገሩ” አሉ አቶ መኮንን።

አባቴ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ አደረገ። አንገቱ ተወጠረ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

“ቆ-ቆ-ቆይ…” አለ።

ከውስጥ ክፍሉ ሳቅ ፈነዳ። የሁለት ትንንሽ ሴት ልጆች ሳቅ። አባቴ ዓይኑን ከፈተ። አልገባውም። እንደ ሕፃን ሳቅ ወስዶት ፈገግ ብሎ እንደገና ጀመረ።

“ል-ል-ልጃችሁን…”

“ቆ-ቆ-ቆይ፣ ቁ-ቁልፌ!” አለች አንደኛዋ ከውስጥ፣ ልክ እኔ እንዳልኩት አድርጋ። ሁለቱም እየተንከተከቱ ወደቁ።

ወይዘሮ አበበች ፊታቸው ተለዋወጠ። አቶ መኮንን ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጣ።

“ኑ ወደዚህ! ሁለታችሁም!”

ልጆቹ መጡ። የሰላም ታናናሾች ናቸው፤ አንዷ ስምንት፣ አንዷ ስድስት ቢሆናት ነው። ፀጉራቸው ለእንግዳ ተብሎ ተሠርቷል።

“እናንተ ባለጌዎች! ሽማግሌ ላይ ነው የምትስቁት? ይቅርታ ጠይቁ!”

ትልቋ አንገቷን ደፋች። ትንሿ ግን ግራ ገብቷት አባቷን አየች፣ አባቴን አየች። ስድብ አልነበረም ለሷ። የምትወደው ሰው ቤቷ ድረስ የመጣ ነው የመሰላት።

“አባቢ፣ እሳቸው እኮ ጋሽ ቆይ ናቸው! የካርቱኑ!” አለችና ሮጣ ገብታ፣ እውነቷን መሆኑን ልታሳይ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተችው።

የኔ ድምፅ ያንን ቤት ሞላው። “አ-አ-አያንቱ፣ ማ-ማ-ማሪኝ!”

ምን ልበላችሁ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። አባቴ ቴሌቪዥኑ ወዳለበት ዞር እንኳ አላለም። መጀመሪያ የሞተች ሚስቱን ስም ሰማ፣ ቀጥሎ የልጁን ድምፅ ለየ። ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየኝ። ቁጣ ብጠብቅም ቁጣ አልነበረም። አንድ ነገር እየጠየቀኝ ነበር፤ እኔ አይደለሁም በለኝ የሚል ይመስላል። ዓይኔን ሰበርኩ።

ወይዘሮ አበበች ገብተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። ትንሿ ልጅ ታለቅሳለች። አባቴ አፉን ከፈተ፣ አንገቱ ተወጠረ፣ ምንም ቃል አልወጣም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ሐጂ ከድርን በእጁ ጠቆማቸው።

ሐጂ ከድር፣ አላህ ነፍሳቸውን ይማር፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ቃሉን ተናገሩ። አቶ መኮንን ደግሞ እንደ ወጉ “ተማክረን እንመልስላችኋለን” ማለት ሲገባቸው እዚያው “ሰጥተናል፣ ሰጥተናል፣ ተቀመጡልን” አሉ። የልጆቻቸው ጥፋት መስሏቸው ነው። በአንድ ቃል ሰጡን፣ በኀፍረት። ምሳ ቀረበ። አባቴ ሲያጎርሱት ጎረሰ፣ ሲስቁ ፈገግ አለ። ትንሿን ልጅ ጠርቶ ግንባሯን ሳማት። አንዲት ቃል ግን አልተነፈሰም።

ስንወጣ መኪናው ጋ ሳንደርስ በእጁ ወደ ገፈርሳ በኩል አመለከተ። ነዳሁ። ባሕር ዛፉ ጋ፣ የግድቡ ውኃ ከሩቅ ሲታይ፣ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገ፤ አቆምኩ። ሐጂ ከድር ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ “እኛ እዚህ እንቆያለን፣ ልጅየው ይከተልህ” አሉት።

ዛፉ ውስጥ ገብተን ቆምን። መሬት ላይ ተንበረከክሁ።

“አባዬ…”

እጁን ዘረጋ። ለይቅርታ መስሎኝ ልስመው ስል ወደ ኮቴ ኪስ አመለከተኝ።

“አይሆንም አባዬ፣ በእግዜር ይዤሃለሁ!”

እጁን አላጠፈም። ታግዬ ማስቀረት እችል ነበር፣ ወጣት ነበርኩ። ማፍሰስም እችል ነበር። ግን ያን ቀን እሱን እምቢ የምልበት ምን አፍ አለኝ? አውጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ ጠጣው፣ እስኪያልቅ። ከዚያ ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠና ጠበቀ። ምን እየጠበቀ እንደሆነ የገባኝ ሲናገር ነው።

“ስንት ሰው አይቶታል?” አለኝ።

አልተንተባተበም። ድምፁ ከሁለት ዓመት በፊት እንደነበረው ጥርት ያለ ነው።

“ብዙ” አልኩት እያለቀስኩ።

“ሰበታም?”

“ሰበታ የለም። እንዳይሸጥ አድርጌያለሁ።”

“እንዳልሰማ ብለህ ነው?”

“አዎ።”

ራሱን ነቀነቀ። ውኃውን እያየ፣ “ሰው ሲሰማው ይስቃል?” አለኝ።

“አባዬ፣ ማረኝ።”

“ጠየቅኩህ እኮ። ይስቃል?”

“ይስቃል።”

“አያንቱ ስትስቅ አስታውሳለሁ። ያኔ ስንገናኝ በምላሴ ትስቅ ነበር፣ እንደዚያች ሕፃን። እሷ ስትስቅ አያመኝም ነበር” አለ። ቀጥሎ “ለሷ የምለውን ግን ማንም መስማት አልነበረበትም፣ ደሬ። እሱ የሷ ነበር” አለኝ።

ይኸው ነው ያለኝ። አልሰደበኝም፣ አልረገመኝም። ተነስቶ ጋቢውን ከሣር አራግፎ ወደ መኪናው ሄደ።

ከዚያ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ሰርጉ ተደገሰ፤ ግርማና ሰላም ዛሬ ሦስት ልጆች አሏቸው፣ ትንሿም ልጅ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ የሆነውን ግን አታውቅም፣ እንድታውቅም አልፈልግም። ጀማል ሁሉን ስነግረው ያለውን ኮፒ በሙሉ ሰጠኝ፤ አቃጠልኩት። ቡራዩና ሱሉልታ እየዞርኩ ከየሱቁ ለቀምኩ። ግን የተገለበጠ ነገር መልሶ ይገለበጣል፤ ወደ ፍላሽ ሄደ፣ ወደ ስልክ ሄደ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰበታ ገብቶ አገኘሁት። ማይክራፎን ከዚያ ወዲህ አልነካሁም። አሁን የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጣለሁ፣ ደንበኞቼ ዝምተኛ ሰው እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት።

አባቴ ግን ከገፈርሳ አልተመለሰም ብል ይሻላል። መጠጣቱን ቀጠለ፣ አራት ዓመት። ፋብሪካውም አሰናበተው። በነዚያ አራት ዓመታት እኔ ባለሁበት ሳይቀምስ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ሲቀምስ ደግሞ እንደ ውኃ ይፈስለታል፣ ያጫውተኛል፣ ያስቀኛል። እኔ ግን ያንን ጥርት ያለ ድምፅ ስሰማ ሰበብ ፈልጌ ተነስቼ እወጣ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ቀልድ አትቀልዱ አልላችሁም። ሳቅ ባይኖር በየትኛው ትከሻ ይኖራል? ግን ቤታችሁ ውስጥ ሰው ብቻውን መስሎት የሚያደርገውን ነገር አይታችሁ እንደሆነ፣ እዚያው ተዉት። አደባባይ ካወጣችሁት በኋላ ባለቤቱ ቢምራችሁ እንኳ ነገሩን ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። እኔ ሞክሬ አይቻለሁ።

በመጨረሻ ጉበቱ እምቢ አለ። አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ሐኪሞች ጠብታ እንዳይነካ ስለከለከሉት አሥር ቀን ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ቆየ፤ ምላሱም ተመልሶ ተሳሰረ። አንድ ቀን ጠዋት ልመርቃችሁ ብሎ አስጠራን። ግርማ ቀድሞ ተንበረከከ። አባቴ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ መረቀው። እያንዳንዱ ቃል እየታገለው፣ ላብ እያጠመቀው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አንዲትም አላስቀረበትም።

ተራው የኔ ሆነ። ተንበረከክሁ። እጁ ራሴ ላይ አረፈ፣ ከብዶ። ጠበቅሁ። ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

“አባዬ፣ ተናገርልኝ። እንደፈለገ ይሁን፣ ተናገርልኝ።”

ዓይኔን እያየ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ በሌላ እጁም አፉን ሸፈነ። ቂም ይዞብኝ ቢሆን በወደድኩ። አባቴ እኔ ፊት መንተባተብ አፍሮ ነበር።